በግቢ ውስጥ የተሸሸጉ ሴንሰሮችን ለማስተዋል

ሴንሰር በአካባቢው የሚከሠተውን ለውጥ፣ ሙቀትም ይሁን ብርሃን፣ ጭስም ይሁን እንቅስቃሴ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር መሣሪያ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚኖር ተማሪ ከዶርም ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ በብዙዎቹ ፊት ያልፋል፤ እነሱን ለመለየትም የስልክ ካሜራና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃሉ።

ፍለጋውን የማንም እጅ ሳይነካቸው ከሚበሩ፣ ከሚከፈቱ ወይም ከሚጮኹ ነገሮች ይጀምሩ። በኮሪደር ሲያልፉ መብራቱ በራሱ ከበራ ቀና ብለው ጣሪያውንና የግድግዳውን ማዕዘን ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ እንቁላል የመሰለ ነጭ ፕላስቲክ ያገኛሉ። ቀረብ ብለው ሲያዩት ገጹ ልሙጥ ሳይሆን እንደ ማር እንጀራ በትናንሽ ክፍሎች የተሸነሸነ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከሰውነት የሚወጣውንና በዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር ሰብስቦ ውስጥ ወዳለው ሴንሰር የሚያደርስ ሌንስ ሲሆን፣ ሰው ከአንዱ ክፍል እይታ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ የሚደርሰው ሙቀት ከፍ ዝቅ ስለሚል መብራቱ ይበራል። ይህን ለማረጋገጥ መጀመሪያ በፊቱ በአግድም ይለፉ፣ ቀጥሎም በቀጥታ ወደ እሱ ይራመዱ፤ በአግድም የሚያልፈውን ቶሎ ይይዛል። እያጠኑ ሳለ ክፍሉ ድንገት ቢጨልም፣ መብራት ሄደ ከማለትዎ በፊት እጅዎን ያወዛውዙ።

ቀጥሎ የስልክዎን ካሜራ በቴሌቪዥን ሪሞት ይሞክሩት። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙረው ቁልፍ ሲጫኑ፣ ዓይን የማያየው ብርሃን በስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል፤ የኋላው ካሜራ ካላሳየ በፊተኛው ይሞክሩ፤ ይህን ጨረር የሚከለክለው ማጣሪያ በፊተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ደከም ያለ ነው። ከዚያ በዚሁ ካሜራ እጅ ሲጠጋው በራሱ ውኃ የሚያፈሰውን ቧንቧ፣ ማታም የጥበቃ ካሜራውን ይመልከቱ። ቧንቧው የሚከፈተው የላከው ብርሃን ከእጅ ነጥሮ ሲመለስለት ነው። በኮሪደሩ ነጭ ፕላስቲክ ላይ ግን ምንም አይታይም፤ እሱ ይቀበላል እንጂ አይልክም። እኔ ይህን ሳላውቅ ተበላሽቷል ብዬ ደምድሜ ነበር።

በላይብረሪ በር ግራና ቀኝ የቆሙት ምሰሶዎች ደግሞ የሚፈልጉት ሰውን ሳይሆን መጽሐፉን ነው። በብዙ ላይብረሪዎች ምሰሶዎቹ በሚፈጥሩት መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ምላሽ የሚሰጥ ቀጭን የብረት ክር በመጽሐፉ ጀርባ ወይም በገጾቹ መካከል ይለጠፋል፤ ሠራተኛው መጽሐፉን ሲያውስ ክሩን ምላሽ እንዳይሰጥ ያስተኛዋል።

የዶርሙን የጭስ ጠቋሚ በዓይን ብቻ ይመልከቱ። በጭስ አይፈትኑት፣ በፌስታልም አይሸፍኑት።

በመጨረሻ ወደ ራስዎ ስልክ ይመለሱ። ደውለው ሳሉ የስክሪኑን አናት በጣትዎ ቢሸፍኑት ስክሪኑ ይጠፋል። ጥሪው ሳይቋረጥ ጣትዎን አንሥተው የጓደኛዎን ስልክ ካሜራ ወደዚያ ቦታ ቢያዞሩት፣ በብዙ ስልኮች ላይ ያችው ወይን ጠጅ ነጥብ ስትርገበገብ ይታያል።