ያረጀ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ጥይት ሲያከሽፍ

ምላጩ ተስቦ «ቀጭ» ብቻ ካለ፣ መዝጊያውን ለመክፈት አትቸኩሉ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ ትዕግሥቱ ካላችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩ። የድሮ ጥይት አንዳንዴ ዘግይቶ ይተኩሳል፤ መዝጊያው ከተከፈተ በኋላ ከፈነዳ ቀለሁ የሚበተነው ፊታችሁ ላይ ነው። ከ«ቀጭ» ይልቅ ደከም ያለ «ፑፍ» ከሰማችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ፣ መዝጊያውን አውጥታችሁ፣ በርሜሉን ከኋላ ወደ ብርሃን ሳታዩ ሌላ ጥይት አታጉርሱ።

የከሸፈውን ጥይት ለይታችሁ አስቀምጡት። ቂጡ መሃል ላይ ያለችው ክብ ማቀጣጠያ፣ መርፌው (ምላጩ ሲሳብ እሷን የሚመታው ቀጭን ብረት) እንዴት እንደመታት ትናገራለች።

ምቱ ጥልቀት የለውም፤ የተጫረ ብቻ ይመስላል

ከሚያከሽፉ ጠመንጃዎች የብዙዎቹ ችግር ይኸው ነው። ብዙ ሰው ወዲያው መርፌውን የሚገፋው ሞላ ደክሟል ብሎ አዲስ ይገዛል። እኔም አንድ ሞሲን ናጋን (የድሮ የሩሲያ ጠመንጃ) ላይ ይህንኑ አድርጌ ገንዘቤን ከስሬአለሁ፤ አዲሱ ሞላ ገብቶም ጠዋት ጠዋት ማክሸፉን አልተወም፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲሞቀው ግን ይተኩስ ነበር። መዝጊያውን ፈትቼ ሳየው ውስጡ እንደ ደረቀ ማር ቡናማ ነገር ሞልቶታል። ኮስሞሊን የሚባለው፣ ጠመንጃዎቹ መጋዘን ሲገቡ ዝገት እንዳይበላቸው የተቀቡት ቅባት ነው። ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ መርፌውም ጭቃ ውስጥ እንደሚሮጥ ሰው ጉልበቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል።

መፍትሄው ርካሽ ነው። መዝጊያውን እስከ መጨረሻው ፍቱት፤ ከውጭ መወልወል ዋጋ የለውም። የማውዘር 98 (የድሮ የጀርመን ጠመንጃ) ከሆነ መዝጊያው እንደተወጠረ የደህንነት ቁልፉን ቀጥ አድርጋችሁ ማቆም፣ ከዚያ የኋላውን ክፍል በእጅ እያዞሩ መንቀል ነው። ብረቶቹን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ቅባቱ ቀልጦ ላይ ይንሳፈፋል። የቀረውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ ጥረጉ፤ በተለይ መርፌው የሚያልፍበትን ቀዳዳና የሞላውን ጥምዝ መካከል። ነጭ ጋዙን እሳት አጠገብ አታድርጉት። በደንብ አድርቃችሁ ቀጭን ዘይት በጨርቅ ዳብሱት፤ ወፍራም ግሪስ ብትቀቡት የነቀላችሁትን ችግር መልሳችሁ ተከላችሁት።

ከታጠበም በኋላ ምቱ ካልጠለቀ የመርፌውን ርዝመት ለኩ። ሞሲን ላይ መርፌው ከኋላ ባለው የመወጠሪያ ክፍል ውስጥ በጥርስ እየዞረ የሚገባ ስለሆነ፣ የፈታው ሰው አንድ ዙር ካጎደለ ወይም ከጨመረ ይዛባል። ያልተወጠረ መዝጊያ ላይ ጫፉ ከፊት ከ1.9 እስከ 2.4 ሚሊሜትር መውጣት አለበት። ከጠመንጃው ጋር የሚመጣው ካቻቢቴ ላይ 75 እና 95 የተጻፈባቸው ጎድጎዶች ለዚሁ ናቸው፦ መርፌው በ75ቱ ማለፍ የለበትም፣ በ95ቱ ግን ማለፍ አለበት። ካጠረ የማቀጣጠል ጉልበት ያጣል፤ ከረዘመ ማቀጣጠያውን ይበሳና ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ሞላ የሚቀየረው እንግዲህ ይህ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ነው።

በሁለተኛው ምት ይተኩሳል

በእጅ የተሞላ ጥይት ከሆነ ማቀጣጠያው ጠልቆ አልተቀመጠም፤ የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን የጨረሰው እሱን በመግፋት ነው። የጦር ጥይት ከሆነ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሱ። የመዝጊያው እጀታ እስከ ታች መውረዱንም እዩ፤ በከፊል ከተዘጋ መርፌው ኃይሉን መዝጊያውን በመዝጋት ያባክነዋል።

ምቱ ጥልቅ ነው፣ ግን አልተኮሰም

ጥፋቱ የጥይቱ ነው። እርጥበት የገባው ወይም ያረጀ ማቀጣጠያ በጠመንጃ ጥገና አይድንም። ለማረጋገጥ አዲስ የፋብሪካ ጥይት በዚሁ ጠመንጃ ሞክሩ፤ ሁሉም ከተኮሰ የድሮውን ጥይት ተዉት።

ምቱ አንዴ ጥልቅ፣ አንዴ ቀላል፤ የተኮሰው ቀለህም ከቂጡ በላይ የሚያበራ ቀለበት አለው

እዚህ ላይ ተኩስ አቁሙ። በመዝጊያው ፊትና በጥይቱ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ይሆናል፤ መርፌው ሲመታ ጥይቱ ወደፊት ይሸሻል፣ ቀለሁም ሲተኮስ ተለጥጦ ሊበጠስ ይችላል። በግምት የሚታወቅ ነገር ስላልሆነ ለዚሁ የተሠራ መለኪያ ያለው ጠመንጃ ሠሪ ይየው። ሞሲን ላይ ጥይቱ የሚያርፈው በቂጡ ከንፈር፣ ማውዘር ላይ በትከሻው ነውና የአንዱ መለኪያ ለሌላው አይሆንም። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ከ0 እስከ 3 የተቆጠሩ የመዝጊያ ራሶች ስላሉት ማስተካከሉ ከሌሎቹ ይቀላል።

የመርፌው ጫፍ ተበልቷል

የድሮ ማቀጣጠያዎች ብዙዎቹ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረባቸው፤ ሲቃጠል የሚተወው ጨው እርጥበት እየሳበ ብረት ይበላል። ጨውን ዘይት አያሟሟውም፣ ውሃ ግን ያሟሟዋል። ስለዚህ በዚያ ጥይት በተኮሳችሁ ቀን በርሜሉንና የመዝጊያውን ፊት በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ዘይት ቀቡ። የተቦረቦረውን መርፌ ግን በሞረድ ለማስተካከል አትሞክሩ፤ በአዲስ ለውጡት፣ ርዝመቱንም እንደገና ለኩ።