በረንዳችን ላይ ያለው ጉርጥ መጤ ነው ወይስ የእኛው?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ዝናብ በጣለ ማግስት ማታ ማታ በረንዳችን ላይ ቆዳቸው የሻከረ ጉርጦች መሰብሰብ ጀመሩ። ውሻችን አንዱን ነከሰና አፉ አረፋ ደፈቀ። ድዱንና ምላሱን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ ጠረግኩለት። ደግነቱ ተረፈ።

በስልኬ ፎቶ አንስቼ በመተግበሪያ ስፈልግ "የአገዳ ጉርጥ" አለኝ። በ1935 እ.ኤ.አ. የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛ እንዲበላ ተብሎ አውስትራሊያ የገባው፣ እዚያ ያሉትን እንስሳት የፈጀው ማለት ነው። በጣም ደነገጥኩ። ሦስት ቀን በረንዳውን በበረኪና አጠብኩ፣ ጨው በተንኩ። ማታ ተመልሰው ከች! በረኪናውን እባካችሁ አትሞክሩት፤ እነሱንም ውሻውንም ይጎዳል።

በአራተኛው ማታ ባትሪ ይዤ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩና ፊቱን አየሁ። የአገዳ ጉርጥ ከዓይኑ በላይ ተነስቶ ወደ አፍንጫው የሚወርድ ጎላ ያለ የአጥንት ጠርዝ አለው። የእኛው ግንባሩ ለጥ ያለ ነው፤ ምንም ጠርዝ የለውም። የአገሩ ጉርጥ ነው! እንቁራሪትም አይደለም። እንቁራሪት ቆዳዋ እርጥብና ለስላሳ ነው፣ እግሯ ረጅም። በጓሮው ገንዳ ያገኘሁት እንቁላልም ጥቁር ዶቃ የተሰካበት ረጅም ክር ይመስላል። የእንቁራሪት ቢሆን ተጠቅልሎ ይከመር ነበር።

ቀጥሎ ቀላል ነበር። ነፍሳት የሚሰበስበውን የበረንዳ መብራት አጠፋሁ። የውሻውን የውሃ ሳህን ማታ ወደ ውስጥ አስገባሁ። በሁለተኛው ሌሊት በረንዳው ባዶ ሆነ። ጉርጦቹ አሁን ጓሮ፣ ገንዳው አካባቢ ናቸው፤ ምስጥ ሲለቅሙ አያቸዋለሁ።