ምጣዱ ሲነዝር፣ ሶኬቱ ሲቀልጥ፦ የማድቤት ኤሌክትሪክ ችግርና መፍትሄ

ጎጃም ውስጥ ብዙ ቤት መብራት የገባው ለአምፖል ተብሎ ነው። ማድቤቱ ጓሮ ስለሆነ ከሳሎን ሶኬት ላይ በቀጭን ሽቦ ተቀጠለለት። ከዓመታት በኋላ ምጣድ ተገዛ፣ ስቶቭ ተጨመረ። ሽቦው ግን ያው ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ዳንግላም ሆነ ሞጣ፣ የማድቤት ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ኮረንቲ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር በሚሠራ ሶኬት ላይ አስቀድማችሁ ሞክሩት፤ የተበላሸ ቴስተር ሁሌም "የለም" ነው የሚለው። ቆጣሪውና ከቆጣሪው በላይ ያለው መስመር የእናንተ ስላልሆነ ማኅተሙን አትንኩ። ሽቦ መቀየርና መስመር መዘርጋትም የባለሙያ ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ ባለሙያው ሲመጣ ምን እንደምትጠይቁት እንድታውቁ ነው።

ሶኬቱ ይግላል፣ ስፒናው ይጠቁራል

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። የተለመደው ሶኬት የሚችለው ደግሞ 10፣ ቢበዛ 16 አምፔር ነው። እንጀራ ጋግሮ እስኪጨረስ ድረስ ሶኬቱ በአቅሙ ጫፍ ላይ ይቆያል ማለት ነው።

ስፒናውን ነቅላችሁ እግሮቹን እዩ። አንዱ እንደ አዲስ ያበራል፣ ሌላው ጠቁሯል። በጠቆረው በኩል ያለው የሶኬት ቀዳዳ ዙሪያውም ቡናማ ሆኖ ትንሽ ሰርጎ ይሆናል። ችግሩ እዚያ ጋ ነው፤ ወይ ውስጥ ያለው መያዣ ላልቷል፣ ወይ ብሎኑ አልጠበቀም። የላላው ቦታ ኮረንቲውን የሚያግድበት መጠን (ተቃውሞው) ግማሽ ኦም ብቻ ቢሆን፣ በ16 አምፔር 128 ዋት ሙቀት ይፈጥራል። ይህ ከድሮው ባለ 100 ሻማ አምፖል ይበልጣል፣ ያውም በአንዲት ስፒና ሥር።

በቢላ ፍቆ መልሶ መሰካት አይሠራም። ሶኬቱም ስፒናውም አንድ ላይ ይቀየሩ፤ የተቃጠለው አዲሱን ያቃጥለዋል። የጠቆረው የሽቦ ጫፍ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ይቆረጥ። ገንዘቡ ካለ ግን ምጣዱን ከሶኬት ማላቀቅ ይሻላል። ከብሬከሩ ሳጥን የራሱ መስመር በባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ግድግዳ ላይ ደግሞ ባለ 20 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ ይደረግለት። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ግን ኧረ ይቅርባችሁ።

ብሬከሩ ይወርዳል

ልክ ስትሰኩት ከወረደ የሆነ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል። ሁሉንም ነቅላችሁ አንድ በአንድ ስትሰኩ ጥፋተኛው ይገኛል። ጥቂት ቆይቶ ከወረደ ደግሞ ጭነቱ በዝቷል፣ ወይም የብሬከሩ ብሎን ላልቶ እየጋለ ነው።

እዚህ ጋ "ትልቅ ብሬከር ግዙ" የሚል ባለሙያ አይጠፋም። አትስሙት። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ባለ 32 አምፔር ብሬከር ከተገጠመ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ሊቀልጥ ይችላል። ግድግዳው እንጨትና በጭድ የተቦካ ጭቃ ሲሆን ነገሩን አስቡት።

ምጣዱ ይነዝራል

ይህ አይታለፍም። ብዙ ቤት ግን ሲታለፍ ነው የሚታየው። "ስፒናውን ገልብጪና ሰኪው፣ ይተዋል" ትላለች ጎረቤት። እውነትም ንዝረቱ ሊቀንስ ይችላል። የሚያፈሰው ቦታ ለኒውትራሉ (ኮረንቲው ለሚመለስበት ሽቦ) ጫፍ ስለቀረበ እንጂ ማፍሰሱ አልቆመም። ነገ ሌላ ሰው ገልብጦ ይሰካዋል። ነጠላ ጫማ አድርጎ መጋገርም መፍትሄ አይደለም።

ምክንያቱ ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው። አንደኛ፣ ከምጣዱ ሽቦ ኮረንቲ ወደ ብረቱ ያፈሳል። ሸክላ እርጥበት ይይዛል፣ ሊጥ ይፈሳል፣ በክረምት ማድቤቱም ያንጠባጥባል። ሁለተኛ፣ ያ ኮረንቲ የሚወርድበት የመሬት ሽቦ የለም። ወይ ገመዱ ባለ ሁለት ሽቦ ነው፣ ወይ ስፒናው የመሬት መገናኛ የለውም፣ ወይ ሦስተኛው ሽቦ ግድግዳው ውስጥ የትም አልተያያዘም።

መፍትሄው ከምጣዱ ብረት እስከ ብሬከሩ ሳጥን የተያያዘ ሦስተኛ ሽቦ ነው። ከሳጥኑ ደግሞ እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ በጥልቀት የተቀበረ የመሬት ዘንግ ጋ መድረስ አለበት። በዚያ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚል፣ ኮረንቲ ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ይጨመር። የመሬት ሽቦውን ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር የሚያስር ባለሙያ ካያችሁ አስቁሙት። ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የምጣዱ ብረት በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ብሬከሩ ከወረደ ሥራውን እየሠራ ነው፤ አሁን የሚጠገነው ምጣዱ ነው።

ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም

ሳሎንም ማድቤትም አምፖል አብሩና ምጣዱን ሰኩ። የማድቤቱ ብቻ ከደከመ ወደ ጓሮ የሄደው ሽቦ ቀጥኗል፣ ወይም ቅጥሉ ላልቷል። ሁለቱም ከደከሙ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ቆጣሪው አካባቢ ወይም ከውጭ ነው፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ አመልክቱ። ቮልቱ 180 ሲደርስ የምጣዱ ሙቀት በሲሶ ይቀንሳል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠቀም የሚብስ ከሆነ በጠዋት መጋገር ነው።

በዝናብ ጊዜ ቅጥሉ ብልጭ ይላል

አሉሚኒየምና መዳብ ተጠምዝዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። እርጥበት ሲያገኛቸው ይበላሉ፣ ይላላሉ፣ ይግላሉ። ናስትሮ መደረብ ችግሩን መሸፈን ነው። ከቤት እስከ ማድቤት ያልተቀጠለ አንድ ገመድ ይሳብ።

አምፖሉ ጠፍቶም ጭል ጭል ይላል

ኤልኢዲ አምፖል ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን (ኮረንቲ የሚመጣበትን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ "ጠፍቷል" ብሎ አምፖል የሚቀይር ሰው ይነዘራል። ፌዙ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ይዙር። የሌሎቹን ክፍሎችም አብራችሁ አስፈትሹ፤ አንዱን የገለበጠ ባለሙያ ሌሎቹንም ሳይገለብጣቸው አይቀርም።