ፖርቱላካ አላብብ ሲል፣ ሲበሰብስ፣ መሃሉ ሲራቆት

መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ደማቅ አበባ የሚያወጣው ፖርቱላካ የትውልድ አገሩ ብራዚል፣ ኡራጓይና አርጀንቲና ነው። ለደረቅና ለአሸዋማ መሬት የተፈጠረ በመሆኑ ውሃውን በወፍራም ቅጠሉ ያጠራቅማል። ግቢያችን ውስጥ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ተረስቶ ሳይሆን ከልክ በላይ ታዝኖለት ነው። ስለዚህ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥዎ በፊት ብርሃኑንና ውሃው የሚወርድበትን መንገድ ይመርምሩ።

ቅጠሉ ለምልሟል፣ አበባ ግን የለም

እምቡጥ እያለ የማይፈካ ከሆነ ሰማዩን ይመልከቱ። አበባው በፀሐይ ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ይከደናል፤ የአንዱ አበባ ዕድሜም አንድ ቀን ብቻ ነው። በዳመና ቀን ጨርሶ ላይከፈት ስለሚችል ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ እንደተጨበጠ ቢውል በሽታ አይደለም።

እምቡጡም ከሌለ ጥፋተኛው ጥላ ወይም ማዳበሪያ ነው። ተክሉ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ በታህሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል 2 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው አጥር በእኩለ ቀን እንኳ ወደ ሰሜን 1 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። ከአጥሩ በስተሰሜን ተጠግቶ የተተከለ ፖርቱላካ ሰማዩ በጠራበት ወር ጥላ ውስጥ ይከርማል ማለት ነው። መፍትሄው ቦታ መቀየር ነው። ዩሪያ ወይም ብዙ ፍግ ከተጨመረበት ደግሞ ጉልበቱን በቅጠል ይጨርሰዋልና ማዳበሪያውን ያቁሙ።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ጠውልጓል

አደገኛው ይህ ነው፤ የጠማው ስለሚመስል ባለቤቱ ውሃ ይጨምርለታል። ለመለየት ግንዱን አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቆንጠጥ ያድርጉት። አፈሩ ደርቆ ግንዱ ጠንካራ፣ ቅጠሉ የተጨማደደ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል፤ ጠዋት አጠጥተው ይተውት። ግንዱ ቡናማ ሆኖ ቆዳው በጣትዎ ሥር ከተንሸራተተ፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆኖ ከላላ ሥሩ በስብሷል።

የበሰበሰ ሥር አይድንም፣ ጫፉ ግን ይተርፋል። ጤነኛውን ጫፍ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው የተቆረጠውን ፊት ይመልከቱ፤ ቡናማ ነጥብ ካለበት ወደ ላይ ከፍ ብለው ደግመው ይቁረጡ። የታች ቅጠሎቹን ገንጥለው አንድ ሌሊት ጥላ ውስጥ ያሳድሩትና ቁስሉ ሲደርቅ አሸዋ በበዛበት አፈር ይትከሉት።

ከዚያ መደቡን ማስተካከል የግድ ነው። እንደ ቦሌና አቃቂ ባሉ መረሬ አፈር ባለባቸው አካባቢዎች ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋ መሙላት ዋጋ የለውም፤ ጉድጓዱ ዙሪያውን በጭቃ ስለሚከበብ ውሃ ይዞ ይቀራል። ይልቅ መደቡን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፣ አፈሩን ለግንባታ ከሚሸጠው ቀይ ፍርክስክስ ድንጋይ፣ ሬድ አሽ ከሚሉት፣ ደቀቅ ያለውን መርጠው ያደባልቁት። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚያጠጡት ጣትዎን ሁለት አንጓ ያህል ሰክተው ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት ብቻ ነው።

መሃሉ ተራቁቶ ዳር ዳሩ ብቻ ያብባል

እርጅና ነው። ግማሽ በግማሽ ይከርክሙት፤ ከግንዱ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። የቆረጡትን አይጣሉት፣ ባዶው ቦታ ላይ ይሰኩት። ድርብ አበባ ያለውን ዓይነት ለማራባት ግንጣይ (ተቆርጦ የሚተከል ጫፍ) ከዘር ይመረጣል፤ ከዘር የሚበቅለው ሁሉ ድርብ ላይሆን ይችላልና።

ዘሩ አልበቀለም

ተቀብሯል። እንደ አቧራ ደቃቅ የሆነው ዘር ብርሃንና ሙቀት ይፈልጋል፤ አፈሩ ላይ በትነው በመዳፍዎ ጫን ያድርጉት፣ አያልብሱት።

ጫፉ ያጣብቃል ወይም ጥጥ መሳይ ነገር ይታያል

ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) ከሆነ በኃይለኛ ውሃ ጠዋት ያጥቡት፤ ጥጥ መሳዩን ነጭ ተባይ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉት። በጥቂት ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ ጫፉን ቆርጦ መጣል ከሁሉም ይቀላል።

ሰርዶ ገብቶበታል

ሰርዶ ከፖርቱላካው ሥር ከተጠላለፈ ነቅሎ መጨረስ ዘበት ነው፤ የተቆረጠችው ቁራጭ ሁሉ ታቆጠቁጣለች። ጤነኛ ግንጣዮች ይያዙና ለጊዜው አፈር ባለው ሣጥን ተክለው ያቆዩአቸው፣ መደቡን ቆፍረው የሰርዶውን ነጭ ሥር አንድ በአንድ ይልቀሙ፣ እንደገና ያቆጠቆጠውን እየለቀሙ ጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ፤ ምንም አዲስ ሣር ብቅ ካላለ መልሰው ይትከሉ።