የጅማት ሙጫ አልይዝ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ማሲንቆና ክራር ለሚጠግኑ፣ ከበሮ ለሚወጥሩ፣ እንዲሁም ከስፌትና ከክር ሥራ የተረፈ የጅማት ቁርጥራጭ አጠራቅመው ሙጫ ለሚያወጡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ስቡን መፋቅ፣ ጅማቱን ቀጥቅጦ በክር በክር መለያየትና ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ በራሱ የሞተ ወይም አሟሟቱ ያልታወቀ እንስሳ ጅማት ወደ ሥራ ቦታ መግባት የለበትም፤ አባ ሰንጋ ከያዘው ከብት የሚተርፈው የበሽታው ዘር (ስፖር) ሙጫ በሚወጣበት ሙቀት አይሞትም።

ሙጫው ቀዝቅዞ አይረጋም፣ ወይም ረግቶ ከደረቀ በኋላ ይፈረፈራል

ለጥገና ከሚመጣልኝ ሥራ አብዛኛው መነሻው ይኸው ነው፤ መንስኤውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ሙጫው ፈልቷል። ጅማት ሙጫ የሚሆነው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲኑ በሙቅ ውሃ ተፈትቶ ወደ ጄላቲን ሲለወጥ ሲሆን፣ ለዚህም ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ከተሰጠው ይበቃዋል። ሙቀቱ ከዚህ አልፎ ሲቆይ ረጃጅሞቹ የጄላቲን ሰንሰለቶች ይበጣጠሳሉ፤ የሙጫው ጉልበት ያለው ደግሞ በእነሱ ርዝመት ላይ ነው። አንዴ ከተበጣጠሱ መልሶ የሚቀጥላቸው ነገር የለም።

«እኔ እኮ አላቃጠልኩትም፣ ትንሽ ነው የተንተከተከው» የሚለውን መልስ ሰምቼ አልጠግብም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው መፍላትን እንደ ቀላል ነገር ይቆጥረዋል። ሽምብራ ለማብሰል ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ይህ ሙቀት ሙጫን ለማበላሸት ግን ከበቂ በላይ ነው። አንድ ወጣት ባለሙያ ጣሳውን በቀጥታ ከሰል ላይ ጥዶ፣ ለቡና ተጠርቶ ሄዶ፣ ሦስተኛውን ጠጥቶ ተመለሰና በዚያው ሙጫ የአንድ አዝማሪ ማሲንቆ ሳንቃዎችን አጋጠመ። ማሲንቆው ጭፈራው በደራበት ሰዓት በማዕዘኑ ተከፈተ። ወደ እኔ ሲመጣ በሁለቱም ሳንቃዎች ፊት ላይ የቀረው ሙጫ በጥፍር ሲነካ ዱቄት ሆኖ ይረግፍ ነበር። ጤናማ ሙጫ ሲለቅ እንኳ የእንጨቱን ጭረት ይዞ ይላቀቃል እንጂ እንዲህ አይረግፍም። በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው ጥቁር ሙጫም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ቶሎ እንዲወጣለት አንተክትኮ የሚያወጣ ሰው ለገዢው የሚሸጠው ቀለም ያለው ውሃ ነው።

ሙጫው የተጎዳው በሙቀት ይሁን ወይም ውሃ በዝቶበት እንደሆነ መለየት ቀላል ነው። ጥቂቱን በሰሃን ላይ አንጠባጥቦ ማቀዝቀዝና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አድርጎ መጫንና ማላቀቅ ነው። ደህና ሙጫ ሲቀዘቅዝ ጣቶቹን ይይዛል፣ ሲላቀቁም በመሐላቸው ቀጫጭን ክሮች ይስባል። ውሃ የበዛበት መጀመሪያ አይስብም፤ ነገር ግን በለስላሳ ሙቀት ውሃው ሲቀንስለት መሳብ ይጀምራል። ያረረው ግን ውሃው ቢቀንስም እንደ ማር ወፍሮ ይቀራል እንጂ አይረጋም፤ ይህ የሚደፋ ነው። ከአዲስ ሙጫ ጋር መቀላቀል አዲሱንም ማበላሸት ነው።

መከላከያው ሙጫውን የያዘውን ጣሳ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጦ ማሞቅ፣ ከጣሳው ሥር ጠጠር ወይም እንጨት ማስገባትና ቴርሞሜትር መግዛት ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው የድስቱ ውሃ እየተነነ ነገር ግን አንድም አረፋ ከሥር ሳይነሣ እንዲቆይ ያድርግ። ጅማት ከቆዳ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚለቅ መቸኮል አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚወጣው ከሁሉ ብርቱ ስለሆነ ተጣርቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ዳግመኛ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ለወረቀትና ለቀላል ሥራ ይበቃል። የደረቀውን ሙጫ ለሥራ ሲያሟሙም ይኸው ሕግ ይሠራል፤ ብዙ ሰው ሲያወጣው ተጠንቅቆ፣ ሲያሟሟው የሚያፈላው ሳይገባው ነው።

ሙጫው ጥሩ ሆኖ መጋጠሚያው ይለቃል

መጋጠሚያው ሲከፈት ሙጫው የሚያብረቀርቅ ገጽ ይዞ ከተገኘ፣ ሳንቃዎቹ ሳይገናኙ በፊት ረግቶ ነበር ማለት ነው። በክረምት ቀዝቃዛ እንጨት ላይ የተቀባ ሙጫ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊረጋ ይችላል። እንጨቱን ከሰል አጠገብ ማሞቅ፣ ማሰሪያውን አስቀድሞ ማዘጋጀትና ከቀቡ በኋላ ወዲያው መጫን ይበቃል። ቆዳ ላይ ሲሆን ጥንቃቄው ተቃራኒ ነው፦ እርጥብ ቆዳ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ሊኮማተር ስለሚችል፣ ሙጫው ጣት እስኪችለው ድረስ ይቀዝቅዝ።

ሌላው ምክንያት ነጭ ኮላ ነው። አሮጌ የጅማት ሙጫ ያለበት እንጨት አዲስ የጅማት ሙጫ ሲቀባበት አሮጌው ይሟሟና ይዋሃዳል። ነጭ ኮላ ከገባበት ግን እንጨቱን እንደ ላስቲክ ስለሚሸፍነው የጅማት ሙጫ አይይዝበትም። «ለጊዜው ብዬ ነው» ተብሎ በኮላ የተሞላ ማሲንቆ ሲመጣልኝ ለመፋቅ የሚፈጀው ሰዓት ከጥገናው ይበልጣል፤ ዋጋውም እንደዚያው። ጥገና ለማያውቅ ሰው የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኮላ አይንኩ።

በዝናብ ወቅት ይጣበቃል፣ አይደርቅም

ጨው ነው። በተለይ ጅማት ያነሰው ሰው ከነጋዴ ያመጣውን የቆዳ ቁርጥራጭ ሲጨምርበት ይህ ይደርሳል፤ ቆዳው እንዳይበሰብስ በጨው የታሸ ነውና። ጨው ሙጫውን ከመርጋት ይከለክላል፣ እርጥበትም ይስባል። ከወጣ በኋላ የሚያስለቅቀው ቀላል መንገድ ስለሌለ፣ ከመዘፍዘፍ በፊት ውሃውን ደጋግሞ እየቀየሩ ማጠብ ግድ ነው።

ሌሎቹ

ገጹ ላይ የቅባት ዓይን ከታየ፣ ሲረጋ ከላይ የነጣውን ስብ በቢላ መግፈፍ ነው። ጅማቱ ወይም ቆዳው በኖራ ውሃ ተዘፍዝፎ ከነበረና ሙጫው ብዙ አረፋ ካወጣ፣ ኖራው በደንብ አልታጠበም፤ ጥቂት አቼቶ ያረግበዋል። የበሰበሰ ሽታ ካለው ይደፋ። የረጋው ሙጫ ተቆርጦ ሲሰጣ በመረቡ ቀዳዳ ከፈሰሰ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል ማለት ነው፤ 30 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚቀልጥ ጥላና ነፋስ ይሻላል። ደርቆ ሲነካኩት እንደ ጠርሙስ የማይጮህ ከሆነ ገና ነውና በዕቃ አይከደን፤ ሻጋታ የሚይዘው ያን ጊዜ ነው።