የተሳቢ መብራት ገመድ ሲቀየር፦ የሽቦው አላላጥና አተሳሰር

አዲስ የተገጠመ ገመድ በአጭር ጊዜ ውስጥ መብራት የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ላይ ነው፦ ሽቦው ሲላጥ ክሮቹ ተበጥሰዋል ወይም ስፒናው ውስጥ ያለው ቪቴ (ማጥበቂያ ብሎን) በደንብ አልያዛቸውም። እዚህ የምናየው ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን፣ በ12 ቮልት የሚሠራውን ክብ ባለ 7 ፒን ስፒና (ዓለም አቀፍ ደረጃው አይኤስኦ 1724) ነው።

አሮጌውን ከመቁረጥዎ በፊት ስፒናውን ይፍቱና የትኛው ቀለም በየትኛው ቁጥር እንደገባ ፎቶ ያንሱ። ትክክለኛው አደራደር ይህ ነው፦ 1 ቢጫ የግራ ፍሬቻ፣ 2 ሰማያዊ የኋላ የጉም መብራት፣ 3 ነጭ ኔጋቲቭ (ማሳ)፣ 4 አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ 5 ቡናማ የቀኝ የኋላ መብራት፣ 6 ቀይ የፍሬን መብራት፣ 7 ጥቁር የግራ የኋላ መብራት። ቢሆንም ከቀለሙ ይልቅ ቁጥሩን ይመኑ፤ ቀድሞ የጠገነው ሰው እጁ ላይ ባገኘው ቀለም ቀጥሎት ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹ ከየቪቴው አጠገብ ፕላስቲኩ ላይ በጥቃቅኑ ተቀርጸዋል። ስፒናው ከፊትና ከኋላ ሲታይ አቀማመጡ ስለሚገለበጥ፣ ሥዕል ብቻ አይቶ የሚሠራ ሰው ግራና ቀኙን ያምታታል።

የገመዱን ርዝመት የሚለኩት ተሳቢው መኪናው ላይ ተያይዞ ነው። ተሳቢው ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ገመዱ መወጠር፣ ቀጥ ሲል ደግሞ መሬት መንካት የለበትም።

አሁን የስፒናውን ሽፋንና የጎማ ማጥበቂያውን አስቀድመው ገመዱ ላይ ያስገቡ። ይህን የረሳ ሰው ሰባቱንም አስሮ እንደገና ይፈታል።

የውጭውን ሽፋን ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይላጡ። ቢላውን እስከ ውስጥ አይጫኑት፤ ዙሪያውን ቀለል አድርገው ጭረው ገመዱን ሲያጥፉት ራሱ ይሰነጠቃል። የውስጥ ሽቦዎቹን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ በልካቸው በተስተካከለ መላጫ ፒንሳ ይላጡ (ብዙውን ጊዜ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ናቸው)። ክሮች ከተቆረጡ ጫፉን ጥለው እንደገና ይላጡ፤ የቀሩት ክሮች በንዝረት ተራ በተራ ይበጠሳሉና። ከልክ በላይ የተላጠ ሽቦ ጎረቤቱን ነክቶ ፊውዝ ያቃጥላል፤ ያነሰው ደግሞ ቪቴው ፕላስቲኩን ይነክስና ዛሬ ሠርቶ ነገ ይጠፋል። ነጩን ከሌሎቹ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስረዝሙት፣ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚነቀለው እሱ እንዲሆን።

የተላጠውን ጫፍ ጠምዝዘው የመዳብ ቆብ ያጥልቁበትና በፒንሳ ይጭመቁት፤ ቆብ ከሌለ ጫፉን ሁለት ያጥፉት። በስታኞ አይበይዱት። ስታኞ በቪቴ ግፊት ቀስ በቀስ ስለሚሟሽሽ ማሰሪያው ይላላል፣ ሽቦውም ብየዳው ከሚያልቅበት ቦታ ይሰበራል። ካጠበቁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ ያድርጉ። የገመድ መያዣው መንከስ ያለበት የውጭውን ሽፋን ነው፤ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ብቻ ከያዘ ክብደቱ ሁሉ ቪቴዎቹ ላይ ያርፋል።

በተሳቢው በኩል መቀጠል ካስፈለገ መዳቡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪገኝ ድረስ ወደ ኋላ ይቁረጡ። ከዚያ በሚጨመቅ ማገናኛ ቀጥለው፣ ውስጡ ሙጫ ባለው በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ያሽጉት። ቅጥሎቹን በ3 ሴንቲ ሜትር ያፈራርቁ፤ ሁሉም አንድ ቦታ ከተደረደሩ እብጠት ይሠራሉ። ናስትሮ ብቻውን ውሃ አያግድም።

ለማሳው የተለየ ትኩረት ይስጡ። ሁለት ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል፣ አንድ ባለ 21 ዋት ፍሬቻ፣ ሁለት ባለ 5 ዋት የኋላ መብራትና ባለ 5 ዋት የሰሌዳ መብራት አብረው ሲበሩ 78 ዋት፣ ማለትም 6.5 አምፒር ገደማ በዚያ በአንድ ነጭ ሽቦ ይመለሳል። ፍሬቻ ሲያበሩ ሌሎቹ መብራቶች አብረው ብልጭ ድርግም ካሉ ወይም ከደበዘዙ መጀመሪያ 3 ቁጥርን ይመርምሩ።

ለሙከራ ከቴስተር ይልቅ 21 ዋት አምፖል ይሻላል፤ ቴስተር በደንብ ባልተገናኘ ሽቦ ላይም 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፣ አምፖሉ ግን ይደበዝዛል ወይም አይበራም።