አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ምን ይጫን?

ጎረቤቴ ላፕቶፗን አቅፋ መጣች። ፎርማት ካስደረገችው ወዲህ ጭራሽ ብሶበታል። ከፈትነው። ዴስክቶፑ እስኪመጣ አቦሉ አልቆ ቶናው ተቀዳ። ለካ እዚሁ ሐዋሳ አንድ ጥገና ቤት 2 ጊጋ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ባለው ማሽን ላይ ዊንዶውስ 10 ጭኖበታል። ማይክሮሶፍት ራሱ 2 ጊጋ ይበቃል ይላል፤ ግን ይነሳል እንጂ አያሠራም።

እናንተ ፍላሽ ከመሰካታችሁ በፊት የማሽኑን ዕድሜ እወቁ። የዊንዶውስ ቁልፉን ከአር ጋር ተጫኑ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤምኤስኢንፎ32 (msinfo32) ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉት። ባዮስ ከሚለው መስመር ጫፍ ላይ ቀን አለ፤ ማሽኑ መቼ እንደተሠራ በግምት ይነግራችኋል። የራሙም መጠን እዚያው ነው።

ከዚያ ዓመቱን ከዊንዶውሶቹ ጋር አስተያዩት (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ኤክስፒ በ2001 ወጣ፣ በ2014 ድጋፉ፣ ማለትም የደህንነት ማሻሻያው፣ ቆመ። "ቀላል ነው፣ እሱን ልጫንልህ" የሚል ዛሬም አይጠፋም፤ ኢንተርኔት ለሚነካ ማሽን እሺ እንዳትሉ። በዚያ ላይ ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ስለሆነ፣ ኤክስፒ ላይ ፎንት ካልጫናችሁ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚደረደረው። ሰባት፣ እኔ እስካሁን የምወደው፣ በ2009 መጥቶ በ2020 አበቃለት። የ10 መደበኛ ድጋፍም በኦክቶበር 2025 አልቋል። 11 ደግሞ በ2021 ሲመጣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ጠየቀ፤ አሮጌ ላፕቶፕ በብዛት የሚወድቀው እዚህች ጋ ነው።

የቀረው ሊኑክስ ነው፤ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሥርዓት። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው፣ በነፃ የሚወርድ። ለደካማ ማሽን እኔ ሉቡንቱ የተባለውን ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት እመርጣለሁ፣ ፕሮሰሰሩ የድሮው 32 ቢት ሳይሆን 64 ቢት እስከሆነ ድረስ። መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ቀጥሎ ሉቡንቱን አውርዳችሁ ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጫኑት (ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል)፣ ኮምፒውተሩንም በፍላሹ አስነሱት። ላፕቶፑ ላይ ሳትጭኑ ከፍላሹ መሞከር ስለሚቻል ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን እዩ። መጫን ስትጀምሩ ግን ቻርጅ ሙሉ ይሁን፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደና ባትሪው ካልያዘ እንደገና ከአንድ ነው።

ሉቡንቱ ጭኜላት ጎረቤቴ ላፕቶፗን ስትረከበኝ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ስታርቱስ የት ሄደ?" በ1995 ከዊንዶውስ 95 ጋር የመጣው ልማድ በቀላሉ አይለቅም። አልሄደም፣ ታች በግራ ጥግ አለ፤ የወፍ ምልክት ያለበትን ተጫኚ አልኳት።